አማትና ምራት በአንድ ጀልባ

ወይዘሮ ደስታነሽና ምራታቸው ፍቅርአዲስ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ እንጂ አንድ ፀሐይ ያሞቃቸው ሰዎች አይመስሉም ነበር።

ወይዘሮ ደስታነሽ የቁይ ሰው ናቸው፤ ዳገት ሲያዩ እግራቸው የሚፍታታ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳዩ የሚገቡ፣ ስልሳን ከተሻገሩ ወዲህ እንኳ ከገበያ ዘንቢል ተሸክመው ሲመለሱ ጎረምሳ ቀድመው የሚያልፉ። ውሃን ግን የሚወዱት እንስራ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ሰው በላ ነው። ፍቅርአዲስ በበኩሏ ሐዋሳ ተወልዳ፣ አባቷ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሲጠግን እያየች ያደገች ልጅ ናት። ቀስ ብላ ትናገራለች፤ ከተናገረች በኋላም ትክክል ተናግሬ ይሆን ብላ ታስባለች። የደብረ ማርቆስ ዳገት ጠላቷ ነው። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ድረስ ስትመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆማ “ጫማዬን ልሰር” ትላለች፤ ጫማዋ ግን ማሰሪያ የለውም።

ፍቅርአዲስ አማቷን በስማቸው ጠርታ አታውቅም። “እትዬ” ነው የምትላቸው። እትዬ ሳይቀመጡ አትቀመጥም፤ እትዬ ሳይቀድሙ በር አታልፍም። ስታገባ የባሏ አክስቶች ይህን ሥርዓት በደንብ አስጠንተዋታል፤ እሷም “የሩቅ አገር ልጅ” እንዳትባል ከአስጠኚዎቿ አብልጣ ይዛዋለች። ወይዘሮ ደስታነሽ ምራታቸውን ይወዷታል። ቢሆንም አንዳንድ ቀን ቤታቸውን የሚጋራቸው አክብሮት ራሱ ይመስላቸው ነበር፤ ልጅቱ ከኋላው ተደብቃ።

ነገሩ የተጀመረው በእራት ሰዓት ነው። ዘመነ፣ የወይዘሮ ደስታነሽ ልጅና የፍቅርአዲስ ባል፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ አዛውሮታል፤ እሱና ፍቅርአዲስ በጥር ይሄዳሉ። እናቱንም ይዞ ሊሄድ፣ ቤታቸውንም ሊያከራይ ቆርጧል። አዲስ አበባ የምትኖረው እኅቱ ማሬም ከእሱ ጋር ናት። ምክንያታቸው ባለፈው ክረምት የደረሰው አደጋ ነበር። ወይዘሮ ደስታነሽ ደጃፋቸው ላይ ካለው ድንጋይ አዳልጧቸው ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። እጁ ድኗል፤ ዘመነ ግን አልዳነም።

“ብቻሽን ሆነሽ ብትወድቂ ማን ያነሣሻል፣ እማዬ?” ይላል በየእራቱ።

ወይዘሮ ደስታነሽ በቁይ፣ በዲማና በጉንደ ወይን ጤና ጣቢያዎች ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዋላጅ ነርስ ሆነው የሠሩ ሴት ናቸውና መልስ አያጡም። ልጃቸው ግን ከፍርሃት እንጂ ከክፋት እንደማይናገር ስለሚያውቁ ዝም ይሉ ነበር። የዚያን ዕለት ማሬ እንደ ልማዷ ደውላ፣ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ማዕዱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ፍቅርአዲስ ከትምህርት ቤት የሰማችውን አወራች።

“በኅዳር አዲስ ዓይነት ውድድር አለ። መጀመሪያ ሩጫ፣ ከዚያ ብስክሌት፣ መጨረሻ ላይ የወይራ ውሃን ግድብ በካያክ መሻገር። የሚወዳደሩት ጥንድ ሆነው ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው። የመዝጊያው ፊሽካ ሳይነፋ ሁለቱም የመጨረሻውን በር ካላለፉ አይቆጠርላቸውም።”

“ካያክ ምንድን ነው?” አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ።

“ጠባብ ጀልባ ናት፣ እትዬ። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ የሚቀዝፋት።”

“ከጣና ታንኳም ትጠባለች?”

“በጣም።”

“እንግዲያ ጀልባ ሳትሆን ጫማ ናት።”

ዘመነ ሳቀ። ሳቁ ገና ከአፉ ሳይጠፋ፣ “እንዲያውም እማዬ፣ አንቺ ይህን ውድድር ከጨረስሽ ስለ አዲስ አበባ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም” አለ።

“ቃልህ ነው?”

“ቃሌ ነው።”

“ማሬ፣ ሰምተሻል?”

“ሰምቻለሁ” አለ ስልኩ፤ “እማዬ፣ አብደሻል እንዴ?”

ወይዘሮ ደስታነሽ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡና ወደ ምራታቸው ዞሩ። “በይ ፍቅርአዲስ፣ ጫማሽን እሰሪ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ዳገቱን ይወጡ ጀመር። ወይዘሮ ደስታነሽ ከፊት፣ ፍቅርአዲስ ሁለት እርምጃ ከኋላ። ምራቲቱ ሳምባዋ እየለመደ፣ እግሯም እየጠነከረ ሲሄድ እንኳ ያቺ ሁለት እርምጃ አልጠበበችም። “ቅደሚኝ እንጂ ልጄ!” ሲሏት፣ “ኧረ እትዬ፣ እንዴት ተደርጎ!” ትላለች። ብስክሌቱ አላስቸገራቸውም፤ ወይዘሮ ደስታነሽ ጉንደ ወይን ሳሉ ምጥ የያዛት ሴት ጋ በብስክሌት ይደርሱ ነበርና እግራቸው አልረሳውም። ችግሩ ካያኩ ነበር። የሚለማመዱበት ስላላገኙ ፍቅርአዲስ አግዳሚ ወንበር ግቢው መካከል አወጣች፤ እትዬን ከፊት አስቀምጣ፣ እሷ ከኋላ ሆና፣ አንዳንድ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው አየሩን ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ይቀዝፉ ጀመር።

ጎረቤታቸው ጋሽ አበረ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ብዙ ተመለከቱ።

“ሲስተር፣ ጉዞው ወዴት ነው?”

“ሱዳን ልንሻገር ነው።”

“ስትደርሱ ደውሉልኝ። እስካሁን ግን ከዝግባው ዛፍ አላለፋችሁም።”

“ዓይንህ ደክሞ ነው፣ አበረ።”

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ የሚውልበት። ጤፉ ወርቅ መስሏል፤ ብርዱም ጠዋት ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል። ወይዘሮ ደስታነሽ ሩጫው እንዳያስቸግራቸው ነጠላቸውን አጥብቀው ወገባቸው ላይ ታጠቁ። ስሕተታቸው ይህ ሆነ። ከአደባባዩ ተነሥተው ወደ ጨሞጋ ድልድይ ሲወርዱ፣ ወደ ገበያ የሚወጡት የገጠር ሴቶች ያዩት ሌላ ነገር ነበር፦ ነጠላዋን ታጥቃ የምትሮጥ ባልቴት፣ ከኋላዋም እያቃሰተች የምትከተል ዓይኗ የቀላ ወጣት።

“ኧረ ምነው! ኧረ ማንን ነው?” አለች አንዷ ቆም ብላ።

“ማንም አልሞተም!” አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ ሳይቆሙ።

“አልነገሯቸውም ማለት ነው” አለች ሴትዮዋ ለጓደኞቿ፤ ደረቷንም መታች።

“ለጤና ነው የምንሮጠው!”

“ጤነኛ ሰው ምን አስሮጠው? ወዬው! ወዬው፣ የኔ እናት!”

ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነውና አራት ሴቶች ነጠላቸውን ታጥቀው ተከተሏቸው። ወይዘሮ ደስታነሽ እየማሉ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ቁልቁል ወረዱ። ሰንደቅና ማይክሮፎን የተዘጋጀበት ድልድይ ጋ ደርሰው ነገሩ እስኪገለጥ ድረስ ልቅሶው አላቆመም። ከአልቃሾቹ አንዷ እንቁላሏን በቅርጫት እንደያዘች ብዙ ተወዳዳሪ ቀድማ ደረሰች፤ አንድም እንቁላል አልተሰበረባትም። “ማንም ካልሞተ እሰየው ነው” አለች ላቧን እየጠረገች፤ “ግን አስሩጣችሁኛልና ሁለት እንቁላል ግዙኝ።”

ከድልድዩ በብስክሌት ተነሡ። ወይዘሮ ደስታነሽ ጥሩ ይነዱ ነበር፤ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ ግን ፍሬናቸውን ይዘው ወረዱ። አባቶቻቸው ከበቅሎ ሳይወርዱ ያላለፉትን ደጅ እሳቸው በብስክሌት ሊያልፉት አይችሉም። የፍቅርአዲስ ጸሎት ቤት ሌላ ነው፤ ቢሆንም አንድም ቃል ሳትናገር ሁለቱንም ብስክሌት ያዘችላቸው። ከኋላ ቃጭላቸውን እያንጫረሩ ይመጡ የነበሩት ወጣቶች እኝህን ሴት ግንባራቸውን ከግንቡ ላይ አስደግፈው ሲያዩ አፈሩ፤ አንዱ ወረደ፣ ሌላው ተከተለ፣ በመጨረሻም አሥፋልቱ ዳር ሄልሜት ያደረገ ጎረምሳ ሁሉ ተሰልፎ ይሳለም ጀመር። ይህን ያዩ ቄስ ደስ ብሏቸው መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። “የራስ ቁራችሁን አውልቁ፣ ልጆቼ” አሉና እያንዳንዱን ግንባሩን ዳስሰው አሳለሙ። ቄሱ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም።

ስለዚህ ወደ ግድቡ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ሁሉም የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ይበር ነበር። ጭድ የጫኑ አህዮች ከእርሻ ብቅ ብለው መንገዱን የሞሉት ያን ጊዜ ነው። ፍቅርአዲስ ከኋላ “እትዬ!” ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ደስታነሽ መሪውን ጠመዘዙ፤ ብስክሌቷ ቦዩን ዘለለች፤ እሳቸውም ባቄላው መካከል በደረታቸው አረፉ።

በባጃጅ ሲከተላቸው የነበረው ዘመነ ባጃጁ ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

“እማዬ! አትነሺ! መጣሁ!”

“እዚያው ቁም!” ከባቄላው ውስጥ አንድ እጅ ወደ ላይ ወጣ። “ከውጭ ሰው ካገዘን ይሰርዙናል።”

ዘመነ ቦዩ አፋፍ ላይ እንደ ግንድ ቆመ። እናቱ ተቀመጡ። በክረምቱ ተሰብሮ የነበረውን እጃቸውን በሌላው ያዙ፤ አንጓውን ተጫኑ፣ አዞሩ፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ፤ ልክ የሌላ ሰው እጅ እንደሚመረምሩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጭቃውን ከቀሚሳቸው አራገፉ፤ የብስክሌቷን መሪ በጉልበታቸው መካከል ይዘው አቀኑ። ወደ ልጃቸውም ሳያዩ ወጥተው ነዱ።

ወይራ ውሃ ደረሱ። ግድቡ እስከ ማዶ ኮረብታ ድረስ ተንጣሎ ሲያዩት ወይዘሮ ደስታነሽ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን የላይፍ ጃኬት ማሰሪያ ሁለት ጊዜ አጠበቁ። አግዳሚ ወንበሩ ተነቃንቆ አያውቅም፤ ይህች ጀልባ ግን አየር ሲስቡ እንኳ ትወዛወዛለች። ከፊታቸው ያለው ውሃ ብቻ ነበር።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚቻልዎት ከሆነ በቀኝ በኩል ትንሽ ጠንከር ቢያደርጉት...” ፍቅርአዲስ ይህን ብላ እስክትጨርስ ጀልባዋ ዞራ አፍንጫዋን ወደ መጡበት መልሳ ነበር።

“አሁን ደግሞ፣ አይቀየሙኝና እትዬ፣ በግራው ቢሆን ደስ ይለኝ...”

ደንገሉ ውስጥ ገቡ። ዳክዬዎቹ ተንጫጭተው ተነሡ። በግራም በቀኝም ሌሎች ጀልባዎች አለፏቸው።

“ፍቅርአዲስ” አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ፤ መዞር ስላልደፈሩ ለውሃው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። “ምጥ ላይ ያለችን ሴት ‘ይቅርታ ያድርጉልኝና ቢያምጡ’ ብዬ እየለመንሁ ቢሆን ኖሮ የጉንደ ወይን ሕዝብ እስካሁን አይወለድም ነበር።”

“ታዲያ ምን ልበል?”

“በስሜ ጥሪኝና እዘዢኝ።”

“በስምዎ? አልችልም፣ እትዬ። አፌም እሺ አይለኝም።”

“እዚህ አማትሽ አይደለሁም፤ ውሃ የምትፈራ ሴት ነኝ። እኔ የማላውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ። እዘዢኝ!”

ፍቅርአዲስ መቅዘፊያዋን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ወይዘሮ ደስታነሽ ሰምተውት የማያውቁት ድምፅ መጣ፤ ጀልባ ዳር ያደገች ልጅ ድምፅ።

“ደስታነሽ! ቀኝ!”

ለከተማው ሲስተር ናቸው፤ ለልጆቻቸው እማዬ፣ ለምራታቸው እትዬ። ደስታነሽ ብሎ የሚጠራቸው ባላቸው ብቻ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ስማቸውን እንዲህ ባዶውን የጠራው ሰው የለም። ከልባቸው በፊት እጃቸው ታዘዘ።

“ግራ! ቀኝ! ውሃውን አትዪ፣ ደስታነሽ፣ ማዶውን እዪ! ጎንበስ በዪና ሳቢው! ግራ!”

ጀልባዋ ከደንገሉ ወጣች፤ አፍንጫዋን አቅንታ ውሃውን መሰንጠቅ ጀመረች። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ደስታነሽ ፍርሃታቸውን ፈልገው አጡት። ቁልቁለት ላይ በቅሎ ለቅቆ እንደ መጋለብ ያለ ነገር ነበር። “እልል!” አሉ ሳያስቡት፤ ፍቅርአዲስም ከኋላ፣ “አፍሽን ዝጊና ቅዘፊ!” አለቻቸው፤ ወዲያው ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። እየሳቁም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጀልባ አለፉ።

ማዶ ሲደርሱ ገና ጊዜ ነበር፤ ጥቂት፣ ግን በቂ። የውድድሩ ማብቂያ የግድቡ ጠባቂዎች ግቢ ውስጥ ነው። ለቆጠራ እንዲመች ትልቁ የብረት በር ተዘግቶ፣ አጠገቡ ያለችው አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፈው በር ተከፍታለች። እዚያ ዳኛው አካለ ወልድ ፊሽካውን በአንድ እጁ፣ ሰዓቱን በሌላው ይዞ ቆሟል፤ ዲማ ላይ በወይዘሮ ደስታነሽ እጅ የተወለደ ልጅ ነው። ከበሩ ውስጥ ማሬ ትጮኻለች፤ ለዚህ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታለች። አጠገቧ በባጃጁ ዞሮ የደረሰው ዘመነ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

ሁለቱ ሴቶች እኩል ሮጠው እኩል ደረሱ። እኩልም ቆሙ።

የፍቅርአዲስ እግር ደረቅ መሬት ሲነካ ውሃው ላይ የጣለችው ሥርዓት ሁሉ ተመልሶ መጥቶባት ነበር። አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈቀቅ አለች። “ይግቡ፣ እትዬ።”

“አንቺ ግቢ። ያሻገርሽኝ አንቺ ነሽ።”

“በእርስዎ ፊት? በሞትሁት!”

“በአባትሽ አምላክ ግቢ፣ ልጄ!”

“ዘመነ ይሙት፣ ቀድሜ አልገባም!”

“እኔ ለምን እሞታለሁ?” አለ ዘመነ ከውስጥ። “ግቡ! ማንኛችሁም ግቡ!”

“እባካችሁ፣ ሲስተር” አለ አካለ ወልድ፤ ሰዓቱን እያየ ያላበው ነበር።

“እሺ፣ አብረን” አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። አብረው ሞከሩ። ላይፍ ጃኬቶቻቸው እንደ ጭድ ጭነት አብጠው ስለነበር በሩ መካከል ተጣበቁ፤ ሁለቱም “ይቅርታ!” ብለው እኩል ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚህ መካከል ሁለት ወጣቶች እያለከለኩ ደረሱ። አማትና ምራት በአንድ ቃል፣ “ግቡ ልጆቼ፣ እናንተ ግቡ” ብለው መንገድ ለቀቁላቸው። ወጣቶቹም በወግ ያደጉ ናቸውና፣ “እናንተ ሳትገቡ?” ብለው ጥቂት ተግደረደሩ፤ ኋላ ግን ገቡ።

ፊሽካው ተነፋ።

አካለ ወልድ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሲስተር፣ ይህ ሰዓት እኮ ትንሽ ይቀድማል። አልነፋሁም ብንልስ?”

“ነፍተሃል። ስትወለድም ለመጮኽ አልዘገየህም” አሉትና ትከሻውን መታ አድርገው፣ አሁን ማንም የማይሻማውን በር በቀስታ አለፉ።

ድንኳኑ ሥር ተቀመጡ። ማሬ እናቷ ላይ ብርድ ልብስ ደረበች። ፍቅርአዲስ እንባዋ ቀርቧል፤ “በእኔ ጥፋት ነው፣ እትዬ” ትላለች ደጋግማ። ዘመነ መጥቶ እናቱ ፊት ቆመ። ቃሉ ከጨረሱ የሚል ነበር፤ አልጨረሱም። መርታቱ ደግሞ ፊቱ ላይ አልታየም።

“እማዬ፣ እኔ እንኳ...”

“ቆይ። ልናገር” አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። ውሃ ጠጡ፤ ብርጭቆውን አስቀመጡ። “ውርርዱን ተበልቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ግን ከጅምሩም መወራረዴ ጅልነት ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ከልጁ ጋር አይወራረድም። ‘ብትወድቂ ማን ያነሣሻል’ ስትለኝ ከረምህ። ዛሬ ባቄላው ውስጥ ማን እንዳነሣኝ አይተሃል?”

“አይቻለሁ” አለ ዘመነ።

“መነሣት የሚያቅተኝ ቀን ሲመጣ እኔው ራሴ እደውልልሃለሁ። እስከዚያ አበረ ጠዋት በአጥሩ ላይ ካላየኝ በር እንዲያንኳኳ እነግረዋለሁ፤ የሚስቅበት እንዳያጣ ሲል አይቀርም። አንተም ከመሄድህ በፊት ያን የሚያዳልጥ ድንጋይ ከደጃፌ ትነቅልልኛለህ። አዲስ አበባ ለበዓል እመጣለሁ። ለመኖር አልመጣም። ቤቱም አይከራይም።”

ማሬ ወንድሟን አየች፤ ወንድሟም መሬቱን። “ተወስኗል ማለት ነው?” አለ፤ አፉ ጥግ ላይ ግን የዚያ የእራቱ ሳቅ ተመልሶ ነበር።

“ተወስኗል።” ከዚያ የምራታቸውን እርጥብ እጅ ያዙ። “አንቺ ደግሞ ለሚመጣው ኅዳር ውድድር ከአዲስ አበባ ትመጫለሽ። መሬት ላይ እትዬ፣ ውሃ ላይ ደስታነሽ ትዪኛለሽ። ዳገቱንም ሁለት እርምጃ ከኋላዬ ሆነሽ መሮጥ ከፈለግሽ ሩጪ። በሩን ግን ፊት የማልፈው እኔ ነኝ፤ ክርክር የለም።”